ይድረስ ለወረዳችን የአስተያየት መስጫ ሣጥን

ለተከበሩ የአስተያየት መስጫ ሣጥን
3ኛ ፎቅ፣ ከመስኮት ቁጥር 4 ጎን
ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከወገቤ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ወገቤን ምን እንደነካኝ ወደ በኋላ አጫውትዎታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባንክ ቤት ነው። እማዬ የአባቴን የጡረታ አበል በየወሩ እየሄደች ታወጣለች። ባለፈው ወር “የመታወቂያዎ ጊዜ አልፏል፣ አሳድሰው ይምጡ” ተባለች። እሺ። ፋይሏን ይዤ እናንተ ዘንድ መጣሁ። “ባለጉዳይዋ ራሳቸው ይቅረቡ።” 78 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ አይታጠፍም አልኩ። “መመሪያ ነው፣ ወንድሜ።” ይቺ “ወንድሜ” የምትባል ቃል ከመስታወት ጀርባ ስትነገር ምን ማለት እንደሆነች ለእርስዎ አልነግርዎትም። ስንቱ ወንድም ሲሸኝ አይተዋል።

ማክሰኞ ዕለት ባለጉዳይዋ ቀረቡ። እስከ በሩ በኮንትራት ታክሲ፣ ከበሩ እስከ 3ኛ ፎቅ ደግሞ በፕላስቲክ ወንበር። በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው የጎረቤታችን ልጅ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሰው ሁሉ ዞር እያለ ሲያየን እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ “አስከሬን አስመሰላችሁኝ እኮ” አለች። ወገቤ ያኔ ነው የሄደው። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ ይኑረው የሚል የሕንፃ አዋጅ በ2001 ወጥቷል፤ ቁጥሩ 624። ሊፍትም አለ። የሊፍቱ በር ላይ ግን የተሰባበሩ ወንበሮች ተቆልለዋል።

“ሲስተም የለም”ን ዛሬ አልነካውም። እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይገባዋል።

ብቻ ሲስተሙ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ግድግዳው ላይ ያሉትን 12ቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች በቃሌ ያዝኳቸው። ቅንነት፣ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት፣ አለማዳላት። አንዱ ጠፍቶኝ አንገቴን ሳስግግ አገኘሁት። የቀን መቁጠሪያው የሸፈነው ግልጽነትን ነበር።

5 ሰዓት ላይ ሲስተሙ መጣ። የእማዬም ተራ ደረሰ። አሻራ።

የቀኝ አውራ ጣት። ማሽኑ ቀይ አበራ። “ጠበቅ ያድርጉት፣ ማዘር።” ቀይ። “ላላ ያድርጉት።” ቀይ። በሶፍት ጠረግንላት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ትንፋሽ እፍ አለችበት። ከኋላችን የቆመች ሴት ቦርሳዋን ከፍታ ቅባት ሰጠችን፣ ቀባናት፣ እንደገና ቀይ። ሌላው ጣት፣ ሌላው፣ ሌላው፤ አሥሩም ተራ በተራ ቀረቡ፣ አሥሩም ወደቁ። በዚህ ጊዜ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ልጅ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ወደ ኋላ ዞራ፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ፣ ለባልደረባዋ ጮክ አለች፦

“እኚህ ሴትዮ አሻራ የላቸውም!”

ሰው ሳቀ። ክፋት የለውም፣ ሲጠብቅ የዋለ ሰው በምንም ይስቃል። እማዬም አብራ ፈገግ አለች። እጇን ግን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ሌብነት ላይ የተያዘ ሰው እጁን እንደሚደብቀው።

እዚህ ላይ አንቱታውን ይቅር በለኝ፣ አላስኬደኝም። ስማ፣ አንተ ሣጥን። ያ እጅ ሃምሳ ዓመት ምጣድ ሲያስስ የኖረ እጅ ነው። ስድስት ልጅ አጥቧል፣ በርበሬ ቀንጥሷል፣ ጥጥ ፈትሏል፣ በብርድ ጠዋት ውሃ ቀድቷል። አሻራው የሄደው እዚያ ነው። ሠርታ ጨረሰችው። አሁን አሻራ ያላቸው ሰዎች ተቀምጠው “የለሽም” ይሏታል።

“ታዲያ ምን ይሻላል?” አልኩ። “አሻራቸው እንደማይነበብ ከሐኪም ማስረጃ ያምጡ።” ሮጬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ማስረጃ ለመጻፍ የታደሰ መታወቂያ ያስፈልጋል አሉኝ። አደራ፣ እንዳትስቅ።

ተመለስኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በዚያች በመስታወቱ ላይ ባለችው ቀዳዳ ጎንበስ ብዬ (ቀዳዳዋን ያበጇት እምብርት አካባቢ ነው፤ ቆሞ መናገር አይቻልም፣ ደጅ ጠኚ ጎንበስ ይላል) እንዲህ አልኳት፦ “እህቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብድግ በይና እያቸው። ፎቷቸው ፋይሉ ላይ አለ። ፊታቸውም ይኸው።” ወንበሩን ከነእማዬ ዝቅ አድርገን ስላስቀመጥነው ልጅቷ ከተቀመጠችበት እማዬ አትታያትም ነበር። እስከዚያ ድረስ ያየችው የእናቴን ጣት ብቻ ነው።

አልተነሣችም። በእስክሪብቶዋ ወደ አንተ ጠቆመች። “ቅሬታ ካለህ ሣጥን አለልህ።”

እውነቱን ልናገርና፣ ልጅቷንም አውቃታለሁ። አምስት መስኮት ተሠርቶ የምትሠራው እሷ ብቻ ናት። ደመወዟ ከ15 ሺህ ብር እንደማያልፍ ከፊቷ ይነበባል። ማሽኑ ቀይ ካበራ ቀጣዩ ገጽ አይከፈትላትም። በእጇ ጽፋ ብታሳልፈን ደግሞ ነገ ኦዲተር መጥቶ “ይህን በየትኛው መመሪያ ሠራሽ?” ይላታል፣ መመሪያውን የጻፈው ሰው ያኔ አይገኝም። ስንቱ በሐሰተኛ መታወቂያ የሚነግድ እንዳለ እሷም እኔም እናውቃለን። ይገባኛል። እሷ ቦታ ብሆን እኔም ሳላመነታ “መመሪያ ነው” እል ይሆናል። ግን መመሪያው ተነሥተሽ አትዪ አይልም! የትኛው አንቀጽ ነው ከወንበር መነሣት የሚከለክለው? በአንዲት አሮጊት ሰው አሳስቆ፣ ከዚያ ወደ እንጨት መጠቆም!

ወጥቼ ደረጃው ላይ ስቆም አንድ ጉዳይ ገዳይ ጠጋ አለኝ። ሁሉን ሰምቷል። “አሻራ ነው አይደል? 2,000 ካለህ ያነባል።” ማሽኑ ለእሱ ዓይን አለው ማለት ነው። አልሰጠሁም። ጀግና ሆኜ ግን አይደለም፣ ኪሴ ውስጥ የመመለሻ ታክሲ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደ አንተ መጣሁ። አንተን ሳይ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። ባላገር ድሮ ቤተ መንግሥት ደጅ ቆሞ “አቤት! አቤት!” ይል ነበር፤ ቢያንስ ጩኸቱ የሰው ጆሮ ይደርሳል። በአስተዳደር ውሳኔ ጥቅሙ የሚነካ ሰው አስቀድሞ ይደመጥ፣ ውሳኔውም ምክንያት ይኑረው የሚል አዋጅም ወጥቷል፣ 1183/2012። አሪፍ አዋጅ ነው፣ አንብቦ ያልወደደው የለም። እዚህ ግን መደመጥ ሲባል አንተ ነህ። የአሠራር ማሻሻያ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ሄደ። ቢኤስሲ መጣ። ካይዘን መጣ፣ ጠረጴዛዎቹ ላይ ቢጫ መስመር ተሠመረ። አንተ ከነቁልፍህ እዚያው ነህ። ቁልፍህ ማን ጋ ነው ብዬ ስጠይቅ “የሥነ ምግባር ክፍል” አሉኝ። የሥነ ምግባር ክፍል ተቆልፏል። ስብሰባ።

ቅጽህን አነሣሁ። በክር የታሰረ እስክሪብቶ ሊኖር ይገባ ነበር፣ ክሩ አለ። ከዘበኛው ተበደርኩ። “በጣም ረክቻለሁ። ረክቻለሁ። በመጠኑ ረክቻለሁ።” አራተኛውን ምርጫ ፎቶ ኮፒ ሲያደርጉ ቆርጠውታል፤ የፊደሎቹ አናት ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ጀርባውን ገልብጬ ጻፍኩ። ሁሉንም። ጣቱን፣ ሳቁን፣ ወንበሩን፣ ሊፍቱን። ቦታ ሲያልቅብኝ በጠርዙ ዞሬ ጻፍኩ። አጣጥፌ ከተትኩብህ። ደረቴ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ አልዋሽህም።

አምስት እርምጃ አልሄድኩም። የጽዳት ሠራተኛዋ ሴትዮ መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከመሬት አንሥተው አቀበሉኝ።

“ልጄ፣ ወረቀት ወደቀብህ።”

ታችህ ክፍት ነው! ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት የተጻፈልህ ሁሉ በላይህ ገብቶ በታችህ ወጥቷል፤ እኚህ ሴት ናቸው ሲጠርጉት የኖሩት። “ሁሌ ነው እንዲህ” አሉኝ። “ማንበብ ብችል ኖሮ ስንት ነገር አውቅ ነበር።” ከዚያ ወደ እማዬ ሄደው አጠገቧ ቁጭ አሉ፣ እጇን ያዙ፣ መዳፏን ገልብጠው አዩት። የራሳቸውንም አሳዩዋት። የእሳቸውም ለስላሳ ነው፣ ምንም የለበትም። ሁለቱ ሲስቁ ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ ቀና ብላ አየች። ያን ቀን ቀና ስትል ያየኋት አንዴ ነው።

እማዬን አንሥተን ስንወርድ፣ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ “ልጅቷ ምሳ አልበላችም” አለች።

“ማን?”

“መስኮቷ ውስጥ ያለችው። ከንፈሯ ደርቋል፣ አላየህም?”

አላየሁም።

ለሐሙስ ተቀጥረናል። የጎረቤታችን ልጅ ይመጣል፣ ወገቤን በሻሽ አስሬያለሁ። እማዬ ከትናንት ጀምሮ ማታ ማታ እጇን ቫዝሊን ቀብታ፣ ካልሲ አጥልቃ ትተኛለች። ለልጅቷም ቆሎ ቆልታ በፌስታል ቋጥራለች። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። አንተ ግን እስከዚያ ምስማር የያዘ ሰው ካገኘህ ታችህን አስመታ።

አመልካች፣
የባለጉዳይዋ ልጅ