ለተሰነጠቀው ፊደል ምስጋና ይግባው

አዲስ አበባ ላይ ካፌ የሚከፍት ሰው ዘንድሮ ጭንቀት የለበትም። የጡብ ስቲከር ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ ክሩ የሚታይ አምፖል ያንጠለጥላል፣ ስሙን በወፍራም የስቴንስል ፊደል፣ ማለትም መሐሉ በተሰነጠቀ ፊደል፣ ያስጽፋል። በቃ፣ ትናንት የተመረቀው ቤት የድሮ ፋብሪካ ሆነ። ከሥሩ «ከ2016 ጀምሮ» ይላል። ፈረንጅ ካየው ደግሞ በራሱ አቆጣጠር ቆጥሮ ሰባት ስምንት ዓመት በነፃ ይጨምርለታል።

ስቴንስልን የወለደው ችግር ነው። ፊደል ከቆርቆሮ ላይ ሲቆረጥ የ«ዐ» ሆድ ተገንጥሎ ይወድቃል። እንዳይወድቅ ቀጭን ድልድይ ይተውለታል። ከዚያ በኋላ የእጅ ጽሑፉ የማያምር ሠራተኛም ቢሆን በቆርቆሮው ቀዳዳ ቀለም እየቀባ የፈለገውን ያህል ሣጥንና የቡና ጆንያ ላይ ምልክት ያደርጋል። በ1937 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሃንተር ሚድልተንና ጌሪ ፓወል የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይህንኑ መልክ ለማተሚያ ቤት ፊደል አደረጉት። የወጣው በአንድ ወር ልዩነት ነው፤ ሁለቱም ስሙን «ስቴንስል» አሉት። የፓወል ትንንሽ ፊደል እንኳ የለውም፣ ትልልቁ ብቻ። ለሚጮህ ሰው ሌላ ምን ያደርግለታል?

የእኛ ዲዛይነሮች ግን ከእነሱም አለፉ። ቆርቆሮውንም ብሩሹንም ትተው ድልድዩን ብቻ ወሰዱ። ደህናውን ፊደል ኮምፒውተር ላይ ይሰነጥቁታል። አክሪሊኩ (የታፔላው ፕላስቲክ) በሌዘር ይቆረጣል። ከዚያ ግማሽ ግማሹ እየተለካ በሙጫ ይለጠፋል። የአንድ ፊደል ሥራ ሁለት ሆነ፤ ሙጫ ነጋዴም እንጀራ ይብላ እንጂ! ክረምት ሲገባ የ«መ» ግማሽ ይረግፋል፣ ቤቱም ይበልጥ «ኢንዱስትሪያል» ይሆናል። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም።

(ከብረት ላይ ተቆርጦ ከኋላ መብራት የሚበራበትን ታፔላ አላማም። እዚያ ድልድዩ ሥራ አለው። ሥራ ያለው ነገር ደግሞ ለፋሽን አይመችም።)

በአማርኛ ሲሆን ደስታው እጥፍ ነው። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ስትሰነጠቅ ከሩቅ «ቢ» ትመስላለች። ምግብ ቤቱ «ምግብ ቢት» ሆኖ ያድራል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል፣ አንገቱን አጣሞ እንደገና ያነባል። የትኛው ንጹሕ ታፔላ ነው እንዲህ ተነቦ የሚያውቀው?

በርገር ቤቱና ጂሙ ስለለመዱት አሁን ተራው የሌላው ነው። የሕፃናት መዋያ በዚህ ፊደል ሲጻፍ ያምርበታል፤ ጠዋት ያስረከቡትን ማታ ፈርሞ መረከብ ነዋ። የሠርግ መጥሪያም ጀምሯል። ወርቃማ ወረቀት፣ የሐር ጥብጣብ፣ መሐሉ ላይ እንደ ጥይት ሣጥን የተጻፉ ሙሽሪትና ሙሽራው። ስማቸው ከወገቡ ተሰንጥቋል። የጎደለው «ይሰበራል፣ በጥንቃቄ ይያዝ» የሚለው ብቻ ነው።