አባባን በቁማቸው ጠይቋቸው

ወገኖቼ፣ የምናገረው ይከፋችሁ ይሆናል፤ ይክፋችሁ።

በቅርቡ አንድ የቃኘው ዘማች ቀበርን፤ ቃኘው ኢትዮጵያ በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን እንዲዋጋ በየተራ የላከችው ሻለቃ ጦር ነው። ድንኳኑ በር ላይ ፎቷቸው በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል፣ ደረታቸው ሙሉ ሜዳሊያ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው ግን «በኮሪያ ዘመቻ ተሳትፈዋል» ብሎ አለፈው። ስንተኛው ቃኘው? የትኛው ኮረብታ ላይ? ልጆቻቸውን ብጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። ሜዳሊያዎቹን አውጥተው አሳዩኝ፤ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልለው፣ ከመብራትና ከውሃ ደረሰኝ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጠዋል። ጥብጣባቸው ነጥቷል።

በደርግ ጊዜ መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሲሆን ዘማቾች ሜዳሊያቸውን በፍርሃት ደበቁ። ደርግ በ1983 ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮውን ያልከፈትነው ምን ፈርተን ነው?

ማሞ ሀብተወልድን ስንቶቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ? በግንቦት 1945 የሦስተኛው ቃኘው ወጣት መኮንን ነበሩ። ጥቂት ሰዎች ይዘው ለአሰሳ እንደወጡ፣ በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የቻይና ጦር ከበባቸው። ከጎናቸው የነበሩት ወደቁ፣ ቆሰሉ። እጅ መስጠት ግን አልነበረም። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ ሲሞቱ አንድ እንኳ አልተማረከም፤ ማሞም ያንን ሌሊት ተዋግተው ወጡ። አሜሪካ የብር ኮከብ ሜዳሊያ ሸለመቻቸው። ታሪካቸው በዓለም የተሰማው በ81 ዓመታቸው የውጭ ጋዜጠኛ ስለጠየቃቸው ነው። የውጭ ጋዜጠኛ! እኛ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአንድ ታክሲ እየተሳፈርን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እየተሳለምን፣ የት ነበርን?

እነዚህ ሰዎች ተኩሰው ብቻ አልተመለሱም። ከደመወዛቸው ቀንሰው ወላጅ የሞተባቸውን የኮሪያ ሕፃናት አብልተዋል፣ አስጠግተዋል። እነዚያ ሕፃናት አድገው ሸምግለው ዛሬም ያመሰግኗቸዋል። የገዛ ልጆቻቸው ግን የዘመቱበትን ሻለቃ ጦር ቁጥር አያውቁም። እኔ በዚህ አፍራለሁ። እናንተም እፈሩ።

በሕይወት ያሉት ዘጠናን ተሻግረዋል። ለቀብር የሚሆን ባነር ለማሳተም የምትሮጡትን ያህል ዛሬ ሩጡ። ማታ ቡና አፍሉና አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ስልካችሁን መቅጃው ላይ አድርጉት። በጄኔራሎቹና በንጉሠ ነገሥቱ አትጀምሩ። «አባባ፣ ምሽጉ ውስጥ ከጎንዎ ማን ነበር?» በሏቸው። ስሙን ጠርተው ድምፃቸው ቢቆረጥ አትቸኩሉ፤ መቅጃውን ሳታጠፉ ጠብቋቸው።