«በቴሌግራም ላክልኝ»
ካሜራ የያዘ ሁሉ የዘመድ አዝማድ ነጻ ፎቶ አንሺ ነው ያለው ማነው? «መጫን ብቻ አይደል!» ይላሉ። የአንድ ክርስትና ድግስ 600 ፎቶ፣ በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ከተነሳ፣ 15 ጊጋባይት አካባቢ ነው። መምረጡ አንድ ማታ ይበላል። ቀለሙ ደግሞ ይብሳል፦ የሳሎኑ ቢጫ አምፖልና የመስኮቱ ብርሃን ሲደባለቁ ፊት ግማሹ ብርቱካን፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል፤ አንዱን ሲያስተካክሉት ሌላው ይበላሻል። (መብራት ካልጠፋ ነው እንግዲህ።)

ያ ሁሉ አልፎ «በቴሌግራም ላክልኝ»! እንደ ፎቶ ሲላክ 6000 ፒክስል የነበረው ጎን አብዛኛውን ጊዜ 1280 ሆኖ ይደርሳል። ሳይጨመቅ እንዲደርስ እንደ ፋይል ይላክ ቢባል ማን ሰምቶ! ያችኑ የተጨመቀች ፎቶ 50 በ75 ሳንቲሜትር ያሳትሙና «ካሜራህ ጥራት የለውም»። 1280 ፒክስል እኮ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 11 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም!