«አታስቢ» የምንላቸው እናቶች

እንግሊዝ አገር፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት አሠልጣኝ ትመጣለች። ወንበሮች ክብ ሠርተው ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ የዘቢብ ፍሬ ይሰጠዋል። ወዲያው አይበላም። ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል፣ ይሸተታል፤ ቀጥሎ ምላስ ላይ ያርፋል። ልብ ከዘቢቡ ሸሽቶ ወደ ትናንት ወይም ወደ ነገ ሲሄድ፣ ራስን ሳይቆጡ መልሶ ማምጣት ነው ትምህርቱ። እነሱ ማይንድፉልነስ ይሉታል፤ እኔ «ቀልብን መሰብሰብ» እለዋለሁ።

ሥልጠናውን በዚህ መልኩ የጀመሩት ጆን ካባት ዚን ናቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከማይለቃቸው ሕመም ጋር ለሚኖሩ ሰዎች የ8 ሳምንት ትምህርት አዘጋጁ። መሠረቱ የቡድሂስቶች ተመስጦ ቢሆንም ሃይማኖቱን ትተው ልምምዱን ብቻ ወሰዱ። ለአረጋውያን ስላለው ጥቅም የተጻፈው ሁሉ ግን በአንድ ድምፅ አይናገርም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ55 እስከ 85 ዓመት የሆናቸው 40 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የብቸኝነት ስሜታቸው መቀነሱን አሳይቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመውና 585 አረጋውያንን የያዘው ጥናት ደግሞ የማስታወስ ችሎታቸውን እንዳላሻሻለው አረጋግጧል። ስለዚህ የመርሳት መድኃኒት ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ባለፈው ጥር ጅማ ስገባ፣ እናቴ ይህ ሁሉ አያስፈልጋትም ብዬ ደምድሜ ነበር። እንግሊዝ አገር ብቸኝነት በ2018 እ.ኤ.አ. ሚኒስትር እስከ መሾም ያደረሰ የመንግሥት ጭንቀት ነው፤ እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ግን ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ቡናው ይቆላል፣ ጤና አዳም ይቀርባል፤ እናቴ ከዚያች በአያቴ ጊዜ ከተገዛች ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ትቀዳለች። ከዚህ በላይ ምን ቀልብ መሰብሰብ አለ?

በሦስተኛው ቀን ቶናው ላይ የወንድሜ ስም ተነሣ። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የእናቴ እጅ ጀበናው ላይ ቆመ፤ እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ ተነሣባት። «ኧረ ተይ! አታስቢ! እግዜርን አታሳዝኚ!» አንዷ ስለ በርበሬ ዋጋ ጀመረች፤ ሌላዋ እኔን ስለ እንግሊዝ ብርድ ጠየቀችኝ። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀዳች።

ያደረጉት በፍቅር ነው፤ እኔም በስልክ ስንት ጊዜ «እማዬ፣ አታስቢ» ብያታለሁ። በአማርኛችን ሐሳብ ራሱ ሕመም ነው፤ ሰው «ሐሳብ ገደለው» ይባላል። ለቅሶ ላይ ደረት ሲደቃ ማንም አልከለከላትም። አርባው፣ ተዝካሩ፣ ሁሉም በወጉ ሆነ። ድንኳኑ ሲነሣ ግን ኀዘኗም አብሮ የተጠቀለለ መሰለን። በሌሊቱ 8 ሰዓት እግሯ ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ቀን ያባረርንባት ሐሳብ ሌሊት ብቻዋን ሲያገኛት።

ሥራ ቦታዬ ያሉት አረጋውያን ቡና የሚያጣጣቸው የላቸውም፤ ልጃቸውን በዓመት አንዴ የሚያዩ አሉ። እነሱ የተማሩትና እኛ የማናውቀው አንድ ነገር ግን አለ፤ ሐሳብ ሲመጣ ሳያባርሩት፣ ሳይከተሉትም፣ አጠገቡ መቀመጥ። እናቴን አሠልጣኝ ሆኜ ላስተምራት አልደፈርኩም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «የት ነው የሚሰማሽ?» ብቻ አልኳት። «እዚህ» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ድንጋይ ነው።» ከዚያ ስለ ወንድሜ ስታወራ ነጋ። ጫማ ማሰር የተማረበትን ቀን ሳይቀር ነገረችኝ፤ እኔ እንኳ አላውቀውም ነበር።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው። ወደየቤቱ የሚሄዱት እነዚያ ወጣቶች የአረጋውያንን የደም ግፊት ከለኩ በኋላ ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቀው ሩብ ሰዓት ቢቀመጡ ብዬ እመኛለሁ። ዕድሮቻችንም ለቀብሩ የሚያሳዩትን ትጋት ከቀብሩ በኋላ ለሚመጡት ዓመታት ቢያተርፉ።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እንደገና ቡና ላይ ስሙ ተነሣ። ጎረቤታችን ገና «አታስ…» ስትል እናቴ እጇን ዘረጋች።

«ተዉኝ፣ ትንሽ ላስበው።»

ማንም ስለ በርበሬ አላወራም። ጥቂት ቆይታ ያችው ጎረቤታችን ሲኒዋን አስቀምጣ፣ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት ልጇ መናገር ጀመረች። በረካው ቀዘቀዘ፤ እናቴም ጀበናውን እንደገና እሳት ላይ ጣደችው።