ማስተካከያ፦ የባንክ ቅርንጫፍ ሕንፃው ልኬት
ከተማ ለሚገነባበት የሲቲስ ስካይላይንስ ጌም የራሳችሁን የባንክ ቅርንጫፍ ሕንፃ ስለመሥራት ስጽፍ፣ የመሬቱ አንድ ካሬ (ጌሙ መሬቱን የሚከፋፍልበት አራት ማዕዘን) ጎን 10 ሜትር ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ትክክለኛው 8 ሜትር ነው። ከጌሙ ይፋዊ መመሪያ አይቼ፣ በጌሙ የሕንፃ ማዘጋጃ ውስጥም ለክቼ አረጋግጫለሁ።

ስለዚህ 4 በ4 ካሬ ላይ የሚያርፈው ባንክ ጎኑ 40 ሳይሆን 32 ሜትር ነው። በእኔ ቁጥር የተሠራው 8 ሜትር ይተርፍና ጎረቤት ሕንፃ ውስጥ ይገባል።

አደራ፣ ሞዴሉን በሙሉ በ0.8 አባዝታችሁ አታሳንሱት። 2.5 ሜትር የነበረው በር 2 ሜትር ይሆናል፤ ኤቲኤሙም አብሮ ያጥራል። ሰው አጠገቡ ሲያልፍ ወዲያው ያስታውቃል። ግድግዳውን ብቻ ወደ ውስጥ ሳቡት፣ በርና መስኮቱን በልካቸው ተዉአቸው። ሠርታችሁ ለጨረሳችሁ ከልብ ይቅርታ።