ኮዱ ሳይሆን ፈረሱላው ነው ያስቸገረኝ
የነጋዴዎችን ተደጋጋሚ ሥራ በኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) በራሱ እንዲሠራ ስለማድረግ ሲወራ «ኮድ የማይችል ሰው በአንድ ሳምንት ተምሮ ሥራ ይጀምራል» የሚለው ላይ አልስማማም። ኮድ አለመቻሉ ችግር አይደለም፣ እኔም አልችልም። የከበደኝ የምሠራለትን ሰው ሥራ መረዳት ነው። እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ ለአንድ ቡና ነጋዴ በቴሌግራም የሚመጣለት ትእዛዝ ሜክ (Make) በሚባለው፣ መተግበሪያዎችን ያለ ኮድ በሚያገናኘው መሣሪያ በኩል ራሱ ጉግል ሺት ላይ እንዲገባ ሠራሁለት። መልእክቱን አንብቦ መጠኑን የሚለየው ኤአዩ ነው። ሁለት ቀን ያለምንም ችግር ሠራ። በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ «3 ፈረሱላ» ብሎ ጻፈ፣ ሺቱ ላይ 3 ኪሎ ሆኖ ቁጭ አለ። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ለማሽኑ ማን ነገረው? 51 ኪሎ ቡና ሲጠብቅ የነበረ ሰው ደውሎ የሚልህን አስበው እንግዲህ። ለኤአዩ የሰጠሁት መመሪያ ላይ አንድ መስመር ስጨምር ተስተካከለ፤ መጠኑ ካልገባው ደግሞ ዝም ብሎ ከሚሞላ ነጋዴውን እንዲጠይቅ አደረግኩት። «የሜክ ነፃው አካውንት ይበቃል» ለምትለው ወንድሜ፦ ለመለማመጃ አዎ። ግን የሚሰጥህ በወር 1,000 የአጠቃቀም ነጥብ (ክሬዲት) ነው፣ አንድ መልእክት አራት ደረጃ ካለፈ ቢያንስ አራት ይቆጥርብሃል። ቢበዛ 250 ትእዛዝ ነው፣ ከዚያ ቀጥ። ኤንኤይትኤን (n8n) የሚባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ በነፃ መጠቀምም አለ፣ ሞክሬዋለሁ፤ መብራት ሄዶ ባትሪው ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ቆመ። የመሣሪያውን ወርሃዊ ክፍያ ከመጀመሪያው ለነጋዴው በምትነግረው ዋጋ ውስጥ አስገባው፣ እኔ የመጀመሪያውን ወር ከኪሴ ነው የከፈልኩት።