ያኔ የተመታች ልጅ፣ ዛሬ የምትመታ ሚስት?

በአፍላ ዕድሜዋ የተጠቃች ልጅ አድጋም በትዳር የመጠቃት ዕድሏ ይሰፋል ይባላል። እውነት ከሆነ ከየት እንጀምር? የትምህርት ቤት አማካሪና ጠበቃ ተከራክረዋል።

አማካሪዋ፦ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ስልኳ በየደቂቃው ይጮኻል። «ቦይፍሬንዴ ነው፤ ያለሁበትን ፎቶ አንስቼ ካልላክሁለት ይናደዳል» አለችኝ። ክንዷ ላይ የጣት ሰንበር አለ። «ስለሚወደኝ እኮ ነው» ብላ ሳቀች። ከሰንበሩ ይልቅ ሳቋ አስፈራኝ። በፈረንጆቹ 2013 አሜሪካ የታተመ ጥናት ፍቅር የጀመሩ ከ5,600 በላይ ታዳጊዎችን ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ተከታትሎ ነበር። በፍቅረኛቸው የተጠቁት ካልተጠቁት ይልቅ በኋላም የመጠቃት ዕድላቸው ሰፍቶ ተገኘ። ቅናትን ፍቅር ብላ የለመደች ልጅ ባሏንም በዚያው ሚዛን ትመርጣለች።

ጠበቃው፦ «ትመርጣለች» ያሉት አላማረኝም፣ እህቴ። መቺውን ትተን ተመቺዋን መመርመር ጀመርን ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2005 ባወጣው ጥናት ቡታጅራ አካባቢ ትዳር ከያዙ ሴቶች 71 በመቶው በአካል ወይም በወሲብ በአጋራቸው ተጠቅተዋል። ይህን ሁሉ የልጅነት ቁስል አመጣው ልንል ነው? በፈረንጆቹ 2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28። (ቁጥሩ የተገለበጠ መስሎኝ ሁለቴ አይቼዋለሁ።) ሕጉም ቢሆን፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ አጥሮታል። አንዲት ደንበኛዬ ፊቷ አብጦ ጣቢያ ስትሄድ «በሽምግልና ጨርሱት» ተብላ ተመለሰች። እሷን የጎዳት ያሳለፈችው አፍላነት ሳይሆን የዚያን ቀን መልስ ነው።

አማካሪዋ፦ ቃሉን አንስቻለሁ። ግን 63 በመቶዎቹ ይህን የት ተማሩት? ካገቡ በኋላ ነው እንዳይሉኝ።

ጠበቃው፦ እሺ፣ ያንን ደዋይ ልጅ ግን ማን አነጋገረው? ቢሮዎ የመጣችው እሷ ብቻ ናት።

አማካሪዋ፦ እዚህ ላይ ረቱኝ። ወንዶቹን የምንጠራቸው ተደባድበው ሲገኙ ነው። ቤት ማን እንደሚመታቸው ጠይቀን አናውቅም።

ጠበቃው፦ ልጅቷንስ ምን ብለው ሸኟት? «ወደፊትም ትመቻለሽ» እንዳላሏት።

አማካሪዋ፦ ኧረ በጭራሽ! ስልኩን አጥፊውና ትንሽ እንጫወት አልኳት። አጠፋችው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ከፈተችው።